ጉሮሮ ባዶ ቤት የገባ ዕለት

እናንተ ያልረገጣችሁት፣ እኔም ብሆን መንገዱ ከጠፋኝ ብዙ ዘመን የሆነ አንድ አገር ነበር። ንጉሥ አልነበረውም። ንጉሥ የሌለው አገር እንዴት ደስ ይላል ብላችሁ እንዳትቸኩሉ፤ ደንብ ነበረው፣ ደንቡም ከንጉሥ ይልቅ ይፈራ ነበር። ንጉሥ እንኳ አንዳንድ ቀን ይተኛል፣ አንዳንድ ቀንም ምሕረት ያደርጋል። ደንብ ግን አይተኛም።

ይሁንና የአገሩ መነሻ ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም እንደሱ ያለ ደግ አገር አላየሁም። በመካከሉ የጋራ ቤት የሚባል ትልቅ ግንብ ነበር። አንድ ሰው አዲስ ዕቃ የፈለሰፈ እንደሆነ የዕቃውን አሠራር በብራና ጽፎ ለጋራ ቤት ይሰጣል። ብራናው አንዴ ከገባ የሁሉ ነው። የፈለገ ይገለብጠዋል፣ የፈለገ ይሠራበታል፣ የፈለገ አሻሽሎ ለጎረቤቱ ይሰጣል። ቀንበሩም፣ የንብ ቀፎውም፣ የበር መቀርቀሪያውም የወጣው ከዚያ ግንብ ነው። በዚያ አገር «የኔ ነው» ማለት በሰው ፊት ላይ ከመትፋት ይቆጠር ነበር።

ታዲያ የሁሉ የሆነ ነገር ተበላሽቶ ከገባ የሚያበላሸውም ሁሉን ነውና፣ ብራና ሳይፈተሽ አይገባም ተባለ። ይህም ደግ ሐሳብ ነበር። ደግ ሐሳቡን ተንተርሰው ነው ሹሞቹ የበቀሉት።

መጀመሪያ የስም ዳኛ አለ፤ የዕቃው ስም ከሌላ ዕቃ ስም ጋር እንዳይመሳሰል ይመረምራል። ቀጥሎ የዘመድ ቆጣሪ አለ፤ ዕቃው በምን በምን ላይ እንደሚደገፍ ይጠይቃል። ገመድ ካለው ገመዱ፣ ቆዳ ካለው ቆዳው፣ አንድ በአንድ ቀድሞ ወደ ጋራ ቤት የገባ መሆን አለበት። የማይታወቅ ዘመድ ይዞ የመጣ ዕቃ ከደጅ ይመለሳል። ከዚያ ደግሞ የኅዳግ ሹም አለ። ደንቡ «የብራናው ኅዳግ አንድ አውራ ጣት ይሁን» ይላል፤ የማን አውራ ጣት እንደሆነ ግን አይልም። ስለዚህ ወፍራሙ ሹም ሞቶ ቀጭኑ በተሾመ ዓመት በሰልፍ ላይ ያለ ብራና በሙሉ እንደ አዲስ ተገልብጧል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ከሁሉ በኋላ የሚመጣው ባዶ ቤት ነው። ባዶ ቤት ስሙ እንደሚናገረው ነው፤ አራት ግድግዳ፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ የውሃ ጉድጓድ። ፈታሽ የሚባለው ባለማኅተም ልብሱ ተበርብሮ፣ ፀጉሩ ሳይቀር ተዳብሶ ይገባል። የሚይዘው ብራናውንና ከጋራ ቤት የወጣ ዕቃ ብቻ ነው። ከውጭ የሚፈቀድለት አንድ ቅል የሚጠጣ ውሃ ነው፤ እሱም የተፈቀደው ቀድሞ አንድ ፈታሽ መቅጃ ይዞ መግባት ስለተከለከለ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ በጥም ከሞተ በኋላ ነው። ፈታሹ በብራናው ላይ የተጻፈውን፣ የተጻፈውን ብቻ፣ እየተከተለ ዕቃውን ከምንም ያነሣዋል። ከሠራ ማኅተሙን ያሳርፋል። ካልሠራም «አልሠራም» ብሎ ጽፎ ወጥቶ ምሳውን ይበላል።

ሁለት ነገር ልጨምርና ወደ ሰዎቹ እገባለሁ። በሰልፍ ላይ ያለ ብራና አንድ ቃል እንኳ ከተጨመረበት እንደ አዲስ ይቆጠርና ከስም ዳኛው ዘንድ ይጀምራል። ሦስት ክረምት አልፎት ማኅተም ያላገኘ ዕቃ ደግሞ ከሰልፍ መውጣት ብቻ አይደለም፣ ካገር ይነቀላል፤ የተተከለበት ቦታ ድረስ ተሄዶ ይፈርሳል።

ትርንጎ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት፤ ራሷም ሸክላ ሠሪ ናት። በዚያ አገርም እንደ አንዳንድ አገር፣ ስሙን አልጠራም፣ ሸክላ ሠሪ በሠራችው ገንቦ ውሃ ይጠጣል እንጂ ሸክላ ሠሪዋ ሰው ቤት ገብታ ከመደብ ላይ አትቀመጥም። እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ነገር ሲሠራ ማየት ያሰክራታል። የማታውቀውን መቀርቀሪያ ካየች ሳትፈታው አትሄድም፤ ከስንት ቤት ጋር በዚህ ተጣልታለች። ፈታሽ ልሁን ብላ ዘጠኝ ክረምት ደጅ ጠናች። በዘጠነኛው ሰጧት።

ማኅተሙን ባንገቷ ባንጠለጠለች ማግስት የሰፈሯ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «እንደምን አደሩ» አሏት። እኚህ ሰው እስከዚያ ቀን በስሟ እንኳ ጠርተዋት አያውቁም። ትርንጎ ቤቷ ገብታ በሩን ዘግታ ብቻዋን ሳቀች፣ ትንሽም አለቀሰች።

ለአዲስ ፈታሽ የሚሰጠው ነባሮቹ የሸሹት ነው። ለሷም የደረሳት ጉሮሮ የሚባል ዕቃ ሆነ። ሠሪው ቢያድግልኝ የሚባል ሃምሳ ዓመት ያለፈው የደጋ ሰው ነው። ዕቃው ረጅም ቀርከሃ ነው፤ አንጓው ሁሉ ተበስቶ ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳል። በውስጡ ጫፉ ላይ ክብ ቆዳ የታሰረበት ዘንግ ይመላለሳል። ዘንጉ ወደ ላይ ሲሳብ ውሃው ተከትሎ ይወጣል ነው የሚለው። ሰውየው መጀመሪያ «ውሃ አውጪ» ብሎት ነበር፤ የስም ዳኛው «ውሃ መቅጃ» የሚባል ዕቃ ስላለ ሰው ይሳሳታል ብሎ መለሰበት። «ጉሮሮ» እስኪባል አንድ ክረምት አለፈ።

በዚያው ክረምት መጨረሻ አንድ ፈታሽ ባዶ ቤት ገብቶ ሠራውና «አልሠራም» ብሎ ጻፈ። በሁለተኛው ክረምት ሌላ ገባና «እኔም ጋ አልሠራም» አለ። ቢያድግልኝ መጠየቂያው መስኮት ሥር ቆሞ እጁን እያወራጨ «እኔ ቤት ይሠራል» ይላል። ይህችን ቃል ደግሞ ያላላት ሠሪ የለም። ዕቃው የወደቀበት ሁሉ የሚላት ናትና የበር ጠባቂዎቹ እርስ በርሳቸው ሲቀላለዱ «ሚስትህ ትወድሃለች?» «እኔ ቤት ትወደኛለች» ይባባሉ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ብራናው ትርንጎ እጅ ገባ። ሦስተኛው ክረምት ነው።

ቢያድግልኝን ያየችው በመስኮቱ ነው። ፈታሽና ሠሪ ፊት ለፊት እንዳይዋዋሉ በዚያች የእጅ መዳፍ በምታክል ቀዳዳ ብቻ ይነጋገራሉ፤ ሰልፍ እንዳይበዛም በቀን አንድ ጥያቄ ነው የሚፈቀደው። ሰውየው ሳትጠይቀው ነገራት። መንደሩ አርባ ቤት ነው። ድሮ ሴቱ ሁሉ ገደል ወርዶ ነበር የሚቀዳው፤ ሚስቱ እንስራ እንዳዘለች ተንሸራታ ዳሌዋን ተሰብራ እስከ ዛሬ ታነክሳለች። ጉሮሮን የፈለሰፈው ያን ጊዜ ነው። አሁን አርባውም ቤት ከሱ ይጠጣል። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ነቃዮች መጥተው ያፈርሱታል፣ ሴቱም ወደ ገደሉ ይመለሳል። ይህን ሲናገር አላለቀሰም፤ ለሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር።

ትርንጎ ባዶ ቤት ስትገባ ልቧ እንደ ሙሽራ ይመታ ነበር። ብራናውን ስታነበው ደግሞ ባሰባት። እንዴት ያለ ንጹሕ አጻጻፍ ነው! ቀርከሃው ስንት ክንድ እንደሆነ፣ ቆዳው ምን ያህል እንዲሰፋ፣ ሰሙ የት እንደሚቀባ፣ አንድም የሚያወላዳ ነገር የለውም። እየሠራች ሰውየውን ወደደችው። ከሰዓት በኋላ ጉሮሮ ተተክሎ ቆመ። ዘንጉን ሳበችው። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ደግማ ሳበች፣ መቶ ጊዜ ሳበች። ከጉሮሮ አፍ የሚወጣው አየር ሽማግሌ ሲያፏጭ ይመስል ነበር እንጂ ውሃ የሚባል የለም።

ወጥታ የቀኑን ጥያቄ ጠየቀች፤ ቆዳው የምን ነው? የፍየል ነው አለ። እሷም የሠራችው በፍየል ነው። በማግስቱ አፍርሳ እንደገና ሠራችው፣ ስፌቱን አጥብቃ፣ ሰሙን አወፍራ። ያው ፉጨት ነው። የሁለተኛው ቀን ጥያቄዋ ጉድጓድህ ምን ያህል ይጠልቃል የሚል ነበር። የሱ ከባዶ ቤቱ ጉድጓድ ይልቅ ይጠልቃል። እንግዲያው እዚያ ከሠራ እዚህ አብልጦ መሥራት ነበረበት።

የኅዳግ ሹሙ ስትወጣ አግኝቷት መከራት። ሰውየው ውሸታም ነው፣ ሁለት ፈታሽ የጻፈውን ሦስተኛዋ ብትደግመው ማን ይወቅሳታል? ማኅተሟ ገና ጅማቱ አልለሰለሰም፣ ዝም አይነቅዝም አላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም ልጆች አሉት። ትርንጎ አንገቷ ላይ ያለውን ማኅተም ጨብጣ ሄደች። ፈርታ ነበር። ግን ውሸታም ሰው እንዲያ አድርጎ አይጽፍም የሚለው ሐሳብ አልለቃትም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መስኮቱ ሥር ቀድማ ተገኘች።

«አያ ቢያድግልኝ፣ የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ብራናውን ተወው። ጠዋት ከአልጋህ ተነሥተህ ውሃው እስኪፈስ ድረስ የምታደርገውን ሁሉ ንገረኝ። የማይረባ የሚመስልህን እንዳታስቀር።»

የመስኮቱ ጠባቂ ይህ አንድ ጥያቄ ነው ወይስ ብዙ ብሎ ደንቡን ሊያይ ሮጠ። እሱ እስኪመለስ እነሱ ጨርሰዋል። ቢያድግልኝ ተረከ፤ ይነሣል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ሚስቱን እንደምን አደርሽ ይላል፣ ከጉድጓዱ ይደርሳል። ማንም ቀድሞ የደረሰ አንድ ቅል ውሃ በጉሮሮ አፍ ላይ አፍስሶ «አትጠማ፣ አታስጠማን» ይላል። ከዚያ ዘንጉን ይይዛል።

«ቆይ» አለች ትርንጎ። «ምን ይላል? ምን ያፈሳል?»

«ምርቃት ነው እኮ እመቤቴ። እኛ አገር ዕቃ ሳይመረቅ አይነካም። ማረሻም ቢሆን፣ ወፍጮም ቢሆን፣ ውሃ ሳይቀምስ እጅ አናሳርፍበትም።»

«ለምን አልጻፍከውም?»

ቢያድግልኝ ግራ ገባው። «ሰላምታ በአሠራር ላይ ይጻፋል እንዴ?»

ትርንጎ ሮጠች። ፈታሽ አይሮጥም ይላል ደንቡ፤ እሷ ግን ነጠላዋን ጥላ ሮጠች። በሩ ላይ ሲበረብሯት እግሯ መሬት አልያዘላትም። ነገሩ ወለል ብሎ ታይቷታል፤ ደረቅ ቆዳ ከቀርከሃው ጋር አይገጥምም፣ አየሩ በጎኑ ያመልጣል። ሲርስ ያብጣል፣ ሲያብጥ ይገጥማል። ጭቃ ስታቦካ የኖረች ሴት ይህን ሌላ ሰው ሊነግራት ነው? ሁለት ቀን ሙሉ ቅሉ አጠገቧ ቆሞ ከሱ እየጠጣች በጉሮሮ ጥም ትደክም ነበር።

የሚጠጣ ውሃዋን እስከ ጠብታው አፈሰሰችበት። ትንሽ ጠበቀች። ዘንጉን ሳበች፤ ከበደ። ከበደ! ባዶ ነገር አይከብድም። ሁለተኛ ሳበች፣ ሦስተኛ ሳበች፣ ከታች ግል ግል የሚል ድምፅ መጣ፣ አራተኛው ላይ ውሃው ወጥቶ እግሯን መታት። ትርንጎ እልል አለች። ብቻዋን፣ በባዶ ቤት ውስጥ፣ ጉልበቷ ድረስ እስክትርስ ሳበች። ራሷን ከውሃው ሥር አድርጋ ጠጣች። በዕድሜዋ እንዲያ የተደሰተችበት ቀን አልነበረም፣ ይህን ራሷ ናት ኋላ የተናገረችው።

ልብሷ እየተንጠባጠበ የፈታሾች ሁሉ አለቃ ዘንድ ገባች። አዛዥ ድልነሳ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ደንቡን ከጫፍ ጫፍ ያውቃሉ፣ ባዶ ቤት ግን ከገቡ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል።

«አዛዥ፣ ውሃ ወጣ።»

«በብራናው ላይ ባለው?»

«በብራናው ላይ ባለውና በአንድ ቅል ውሃ።»

አዛዥ ጥቂት አሰቡና «እንግዲያስ አልወጣም» አሉ።

ተቆጥተው አልነበረም፤ እያዘኑ ነው። ፈታሽ በብራና ላይ ቃል አይጨምርም። ሠሪው ከጨመረ ደግሞ ብራናው እንደ አዲስ ከስም ዳኛው ይጀምራል፤ ጊዜው ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል። የኅዳግ ሹሙም እዚያው ነበርና ምርቃት በአሠራር ላይ አይጻፍም የሚል ደንብ እንዳለ አስታወሰ። ትርንጎ ምርቃት አይደለም፣ ውሃ ነው አለችው። አያ ጅቦ ሳታማኻኝ ብላኝ ልትለውም ነበር፣ ዋጠችው።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት። ዘጠኝ ክረምት ደጅ የጠና ሰው ደንብ ከማንበብ ሌላ ምን ሥራ አለው? «ብራና ባዶ ቤት ውስጥ ሳለ ሠሪው በገዛ እጁ ቢያቃናው እንደ አዲስ አይቆጠርም» የሚል አንቀጽ አለ። ከመቶ ዓመት በፊት ተጽፎ አንድም ቀን አልተሠራበትም፤ ሠሪ ባዶ ቤት መግባት ክልክል ነውና። ይህን አንቀጽ ከፊት ከኋላው ሳትሳሳት ለአዛዥ በቃሏ አነበነበችላቸው።

«ልክ ነው» አሉ አዛዥ። «ግን ሠሪ ባዶ ቤት አይገባም።»

«አይገባም። ውስጥ ያለ ሰው ሠሪ ቢሆንስ?»

ሠሪ ከተቀበለው ሌላ ሰው ስሙን ከስሩ ጽፎ አብሮ ሠሪ መሆኑ የታወቀ ነገር ነው። አዛዥ ነገሩ ገባቸው፤ ሲገባቸውም ዓይናቸው ወደ አንገቷ ሄደ።

«ሠሪ ማኅተም አያንጠለጥልም፣ ልጄ። አንዴ ሠሪ የሆነ ተመልሶ ፈታሽ አይሆንም።»

«አውቃለሁ» አለች ትርንጎ።

ታውቃለች እንጂ። የሽማግሌው ብድግ ማለት፣ ያ «እንደምን አደሩ»፣ ሁሉም ከዚያች ጥፍር ከምታክል ማኅተም ጋር ይሄዳል። ነገ ተነሥታ ሸክላ ሠሪዋ ትርንጎ ትሆናለች። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እሷ በተሾመች በጥቂት ቀን የበላችው አንድ ሰላምታ ብቻ ነው። ብታስብበት እንደማታደርገው ስላወቀች ሳታስብ ወደ መስኮቱ ሄደች።

የቀኑ ጥያቄ አልቋልና ቢያድግልኝን መጠየቅ አትችልም። ስለዚህ ነገረችው፤ ስሜን ካንተ ስም በታች ልጽፍ ነው፣ ይህ ጥያቄ አይደለም፣ ወሬ ነው አለችው። ሰውየው ማኅተሙን ያውቃል፣ ምን እንደምትሰጥ ገባው። «ተቀብያለሁ» አለ፤ ድምፁ ተሰብሮ ነበር።

ባዶ ቤት ገብታ ማኅተሙን ፈትታ ምድጃው ላይ አስቀመጠች። በብራናው ላይ «ዘንጉን ሳትስብ አንድ ቅል ውሃ ከላይ አፍስስ፣ ቆዳው እስኪርስ ጠብቅ» ብላ ጻፈች። ከግርጌው ቢያድግልኝ ከሚለው ሥር ትርንጎ ብላ ጻፈች። ስሟ በብራና ላይ እንዲያ ሲያምር አይታ ገረማት።

አሁን ደግሞ ሌላ ፈታሽ ይፈለጋል፤ ሠሪ የሠራውን አይፈትሽምና። ፀሐይ ከአናት ዘወር ብላለች። ከአምስቱ ነባር ፈታሾች ሁለቱ ሰርግ ሄደዋል፣ አንዱ ታሟል፣ አንዱ ነገ ጠዋት እመጣለሁ ብሎ ላከ። አምስተኛው መጀመሪያ «አልሠራም» ብሎ የጻፈው ነው፣ አፍሮ አልወጣም። አዛዥ ድልነሳ መልእክተኛው የመጨረሻውን መልስ ሲያመጣ ካባቸውን አውልቀው ለኅዳግ ሹሙ ሰጡት። «እኔ እገባለሁ» አሉ።

የበር ጠባቂው አለቃውን ሲበረብር ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ከመቀነታቸው ሥር ወስፌ ተገኘባቸውና ተቀማ። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

ወሬው ከተማውን አዳረሰና ሰዉ ባዶ ቤቱን ከበበው። ትርንጎና ቢያድግልኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ቆሙ፤ ሁለቱም ሠሪ ናቸውና የሚከለክላቸው የለም። ከውስጥ የአዛዥ ድምፅ ይሰማል፤ ቀርከሃውን ይሳደባሉ፣ ሰሙ አቃጥሏቸው ይጮኻሉ፣ ቀጥሎ ጸጥ ይላል። ጥላው ረዘመ። ቢያድግልኝ ከንፈሩን ይነክሳል፣ ትርንጎ አንድ ቦታ መቆም አቅቷት ትዞራለች። የዘንጉ ሲጥ ሲጥ ማለት ሲሰማ ሰዉ ትንፋሹን ዋጠ። ፉጨት ወጣ። ፉጨት ብቻ።

«ብራናውን ያንብቡ!» ብላ ልትጮኽ አፏን ከፈተች፤ የኅዳግ ሹሙ በእጁ አፏን ያዛት። ከውጭ ቃል ከገባ ፍተሻው ይፈርሳል።

ከውስጥ ብራና ሲገለጥ ተሰማ። ውሃ ሲንቆረቆር ተሰማ። አዛዥ ለራሳቸው ቀስ ብለው «አትጠማ፣ አታስጠማን» ሲሉ ተሰማ፤ ይህ ከብራናው ላይ የለም፣ ቢያድግልኝ ሲተርክ ሰምተው ነው ወይስ ከልባቸው ማንም አላወቀም። ከዚያ ዘንጉ ተነሣ። በበሩ ሥር ውሃ ሾልኮ ወጥቶ የሰዉን እግር ሲነካ፣ የዚያን ቀን የተነሣውን እልልታ የሰማ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። ቢያድግልኝ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። የኅዳግ ሹሙም አለቀሰ፤ የአዛዥን ካባ ይዞ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ።

አዛዥ ጢማቸው እየተንጠባጠበ ወጥተው ማኅተማቸውን አሳረፉ። ፀሐይዋ ገና ነበረች። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጠው «እስከ ዛሬ እንዲህ ያለውን ስንቱን ነቀልን?» ብለው ጠየቁ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚል ሕዝብ ነው፤ ሥሩን መጠየቅ ግን የማንም ሹመት አልነበረም።

ሲመሽ ትርንጎን ለብቻዋ ጠሯት። ማኅተሙን ከምድጃው ላይ አንሥተው ይዘውታል። ነገሩን አስበውበታል፤ ብራናው ሳይገለበጥ ዛሬውኑ ስሟ ቢፋቅ ሠሪ አልነበረችም ይባላል፣ ማኅተሙም ወደ አንገቷ ይመለሳል። እሳቸው ያላዩ ይሆናሉ።

ትርንጎ ማኅተሙን አየችው። ፈለገችው፤ አልፈለገችውም ብል እዋሻለሁ።

«አዛዥ፣ ነገ አንድ ሰው ሠርቶት እምቢ ቢለው ማንን ይጠይቅ?»

«የጋራ ቤትን ነዋ።»

«የጋራ ቤትማ አልሠራም ብሎ ይጽፋል» አለች። እጅ ነሥታ ወጣች።

ቢያድግልኝ ደጅ ይጠብቃት ነበር። እመቤቴ አላላትም። «ነይ እህት ዓለም፣ መንገድ ድረስ ልሸኝሽ» አላት። ብራናው በዚያው ሳምንት ተገለበጠ፣ ገልባጮች በየአቅጣጫው ይዘውት ወጡ። ነቃዮቹ ወደ አርባው ቤት ሳይሄዱ ቀሩ።

ትርንጎ ግን ወደ ጭቃዋ ተመለሰች። የሰፈሩ ሽማግሌ እንደ ድሮው ከመቀመጫቸው አልተነሡም፤ ዓይናቸውን ወደ ዛፉ አዞሩ። ከፋት። ከፍቷትም ገንቦዋን ሠራች። አንድ ወር እንዲህ ሄደ። ማኅተሙ ይሰቀልበት የነበረውን ቦታ እጇ አንዳንዴ ሳታውቀው ይዳብሳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት የቆላ ሴት ሰፈሩ መካከል ቆመች። እግሯ ቆስሏል፣ ነጠላዋ አቧራ ነው፣ ቁጣዋ ከሩቅ ይታያል። ትርንጎ የምትባለው ቤቷ የት ነው ብላ ሽማግሌውን ጠየቀቻቸው፤ በጣታቸው አሳዩአት።

«አንቺ ነሽ ትርንጎ?» አለች። «ያንቺ ጉሮሮ አይሠራም። የተጻፈውን አድርጌያለሁ፣ ውሃውንም አፍስሻለሁ፣ ጠብ የሚል የለም። ለሹሙ ብናገር ማኅተም አለው ይለኛል። ከግርጌው ስምሽን አግኝቼ ነው የመጣሁት፤ ሦስት ቀን ነው የተጓዝኩት።»

ትርንጎ ብድግ አለች። ሴትዮዋ የምትሰደብ መስሏት ወደ ኋላ አለች። ትርንጎ ግን እጇን እንኳ ሳትታጠብ ክንዷን ይዛ ወደ ቤት አስገብታ ከመደቡ ላይ አስቀመጠቻት፣ ውሃ ሰጠቻት፣ ጥያቄውን አዘነበችባት። ቆዳው ምን ያህል ራሰ? ጉድጓዱ ስንት ክንድ ነው? እናንተ አገር ሙቀቱ እንዴት ነው፣ ሰሙ ቀለጠ ይሆን? ሴትዮዋ እየተቆጣች መለሰች። ትርንጎ ልቧ ዘለለ። በዕድሜዋ ሙሉ ሦስት ቀን በእግሩ ተጉዞ እሷን ፈልጎ የመጣ ሰው ይህች የመጀመሪያዋ ናት።

ቢላዋና አንድ ቁራጭ የፍየል ቆዳ ጠቀለለች፣ የጭቃውን ጉድጓድ በቅጠል ሸፈነች። መንገዱን ሙሉ ሴትዮዋ እየተቆጣች፣ ትርንጎ እየጠየቀቻት ሄዱ።